ለትሬንት ባርበል የትኛው እርሳስ? ተንሸራታች ወይስ ክሊፕ?

ጀማሪው ኖቲንግሃም (ሰኞ ማታ)

ሰላም ናችሁ የውኃ ዳር ቤተሰቦች። ሁለት ዓመት ኩሬ ላይ ካርፕ ሳሳድድ ቆይቼ ዘንድሮ ወንዝ ጀመርኩ። የምፈልገው ባርበል የሚባለውን የወንዝ ዓሣ ነው። ትሬንት ወንዝ ከቤቴ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ሴፕቴምበር ደግሞ ጥሩ ወቅት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

ግራ የገባኝ እርሳሱ ነው፣ መንጠቆውን ወለል ላይ የሚያስቀምጠው ክብደት። የዕቃ መሸጫው ግድግዳ ላይ ስንት ዓይነት ተንጠልጥሏል መሰላችሁ! ክቡ፣ ጠፍጣፋው፣ ጉጥ ጉጥ ያለው፣ መሃሉ የተበሳው፣ ቅርጫት የተገጠመለት። ሻጩን ብጠይቀው "ወንዙ ኃይለኛ ነው፣ ከባዱን ውሰድ" አለኝና ባለ 5 ኦንስ (140 ግራም ግድም) አሸክሞ ሸኘኝ።

ቅዳሜ ወጣሁ። የመጀመሪያው እርሳስ ድንጋይ ሥር ተወሽቆ ቀረ። ሁለተኛው ላይ ግን ዓሣ መጣ። ዘንጉ ወደ ውኃው ጎነበሰ፣ ሪሉ (የክር መጠቅለያው) ጮኸ፣ ልቤ ቀጥ አለች። ግማሽ ደቂቃ ያህል ታገልን። ከዚያ ጧ! ክሩ ላላ። እርሳሱን ዋናው ክር ላይ ቋጥሬ ነበር ያሰርኩት። ኩሬ ላይም እንዲሁ ነበር የማደርገው፣ ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም።

እና ስንት ኦንስ ልያዝ? እርሳሱ ክሩ ላይ ይንሸራተት ወይስ በክሊፕ፣ ማለትም ክሩ ላይ በሚገጠም የፕላስቲክ መያዣ፣ ይያዝ? ደግሞ ባሕር ዳር ያለው አጎቴ ራሱ አቅልጦ የሠራቸው፣ 20 ግራም ግድም የሚመዝኑ ትንንሽ እርሳሶች በሰው ሻንጣ መጥተውልኛል። እነሱስ ለትንሽ ወንዝ ይሆናሉ?

ዘንገኛው ሊድስ (ሰኞ ማታ)

ቋጥረህ?! ኧረ ወንድሜ። ያ ዓሣ እኮ አሁን ባለ 5 ኦንስ እርሳስ እየጎተተ ነው። ጋሽ ቱምቢ ሳያይህ ቶሎ አርመው።

ጀማሪው ኖቲንግሃም (ሰኞ ማታ)

እሱን አላሰብኩትም ነበር። አሁን እንቅልፍ ነሳኸኝ።

ቱምቢ (ማክሰኞ ጠዋት)

አይቼዋለሁ። አልቆጣም ልጄ፣ እኔም ስጀምር ከዚህ የባሰ ሠርቻለሁ። ለማያውቁኝ፣ ግንበኛ ነበርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ እርሳስ በገመድ አንጠልጥዬ ግድግዳ ሳስተካክል ኖሬ ጡረታ ስወጣም እርሳሱ አልለቀቀኝም።

ኦንሱን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው። ክሩ ቢበጠስ ዓሣው ከእርሳሱ ይገላገላል ወይ? ቋጥረህ ካሰርከው አይገላገልም። እርሳሱ አንድ ቦታ ተቀርቅሮ ዓሣውን እዚያው አስሮት ሊቀር ይችላል።

ተንሸራታቹ ቀላል ነው። ዋናውን ክር በትንሽ ቀለበት ውስጥ ታሳልፈዋለህ፣ እርሳሱ ከቀለበቱ ላይ ይንጠለጠላል። ከሥሩ የላስቲክ ዶቃ ታስገባለህ። ከዶቃው በታች ስዊቭል (ክሩ እንዳይጠመዘዝ የሚሽከረከር ማያያዣ)፣ ከስዊቭሉ ደግሞ መንጠቆ ያለበትን ክር ታስራለህ። በቃ። ዋናው ክር ከላይ ቢበጠስ ቀለበቱ በተበጠሰው ጫፍ በኩል ሾልኮ ይወጣል። ዓሣው የሚቀርበት መንጠቆና ትንሽ ክር ብቻ ነው። ታዲያ ከቀለበቱ በላይ የሚያግደው ነገር አታስቀምጥ። ትልቅ ቋጠሮ ካለ፣ ወይም ሁለተኛ ዶቃ ጠበቅ አድርገህ ካስገባህ፣ ተንሸራታች ያልከው ሁሉ ተመልሶ ቋሚ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ድንጋዩ። ኖቲንግሃም አካባቢ የትሬንት ወለል ዕቃ ይበላል። እርሳሱን ከቀለበቱ ጋር በቀጥታ አታገናኘው፣ በደካማ ክር እሰረው። ዋናው ክርህ 12 ፓውንድ የሚችል ከሆነ ማንጠልጠያው 5 ፓውንድ የሚችል ይሁን። እርሳሱ ድንጋይ ሥር ሲገባ ደካማዋ ክር ትበጠሳለች፣ መንጠቆህና ስዊቭልህ ይመለሳሉ። ዓሣ ይዘህ እርሳሱ ቢነክስብህም ያው ነው፣ እርሳሱ ይቀራል ዓሣው ይመጣል። ቅዳሜ ይህቺ ክር ብትኖርህ ኖሮ ምናልባት ፎቶ ትለጥፍልን ነበር።

ክብደቱ። ከክሮምዌል ግድብ በታች ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ወንዙን የሚገፋበት ክፍል አለ። እዚያ 5ም 6ም፣ አንዳንዴ 8 ኦንስም ይፈለጋል። ከግድቡ በላይ ግን፣ ኮልዊክ ወይም ጋንቶርፕ ግድም፣ ውኃው መደበኛ ከሆነ በ3 ኦንስ ጀምር። ጣለው፣ ዘንጉን ወደ ላይ አቁመው፣ አምስት ደቂቃ ጫፉን እይ። ጫፉ ቶክ ቶክ እያለ እርሳሱ ወደ ታች ከሄደ ግማሽ ኦንስ ጨምር። ዘንጉን ሳብ ስታደርገው እርሳሱ ነቃ ብሎ ትንሽ ወርዶ መልሶ ከተቀመጠ ልኩ እሱ ነው። ስትስበው ፍንክች ካላለ ከብዷል። ግንበኛ ቤት ቱምቢው ከመጠን በላይ አይከብድም፣ ገመዱን ወጥሮ ከያዘ ይበቃል።

ደግሞ የዘንግህ ጥንካሬ ስንት ፓውንድ ነው? ባለ 1.75 የባርበል ዘንግ 5 ኦንስ ሲወረውር ያሳዝናል።

ጀማሪው ኖቲንግሃም (ማክሰኞ ምሳ ሰዓት)

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ዘንጌ 1.75 ነው። አሁን ገባኝ፣ ስወረውር የሆነ ነገር ሲንቋቋ ይሰማኝ ነበር።

ሰቨርን ማዶ (ማክሰኞ ማታ)

ጋሽ ቱምቢ ባሉት በአብዛኛው እስማማለሁ። በአንዱ ግን አልስማማም።

ዉስተር ነው ያለሁት። ሰቨርን ወንዝ ላይ ክሊፕ ነው የምጠቀመው፣ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ዓሣው ምግቡን አንስቶ ዞር ሲል የእርሳሱ ክብደት ራሱ መንጠቆውን ከከንፈሩ ላይ ያስገባዋል። ተንሸራታች ላይ ግን ክሩ ይሸሻል፣ ዓሣው ጊዜ ያገኛል፣ ይተፋዋል። ክሊፕ ደግሞ ቋሚ አይደለም። እርሳሱ ሲነክስ የጎማው ጭራ ይለቅና እርሳሱ ይወድቃል። ዋናው ነገር ጎማውን እስከ ጥግ ገፍቶ አለማጥበቅ ነው። ብዙ ሰው መወርወሪያ ላይ እንዳይወልቅበት ብሎ በጥርሱ ስቦ ያጠብቀዋል። ያኔ ክሊፕ መሆኑ ቀርቶ ቋጠሮ ሆነ።

በነገራችን ላይ ሰቨርን ላይ ባርበል የተፈጥሮ ነዋሪ አይደለም። በ1956 ነው ከሌላ ወንዝ አምጥተው የለቀቁት። እንደኛው ስደተኛ ነው፣ ተመችቶት ተዋልዷል።

ቱምቢ (ማክሰኞ ማታ)

ጎማውን በተመለከተ ያልከው ልክ ነው። መንጠቆው ግን በክሊፕ ምክንያት አይደለም የሚገባው። አስበው እስቲ። ኃይለኛ ውኃ ውስጥ ክርህን ወንዙ ራሱ ወጥሮታል። ዓሣው ሲስብ ቀለበቱ ቢንሸራተትም ባይንሸራተትም የሚያገኘው ያንኑ ክብደት ነው። ባርበል ደግሞ ምግቡን ከአፉ ይዞ ሲዞር ለስለስ ብሎ አይደለም፣ ዘንጉን ከመደገፊያው ይነቅለዋል። ኩሬ ላይ፣ ውኃው ቆሞ ባለበት፣ ያንተ ክርክር ያሸንፋል። ወንዝ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው ድንጋይ ላይ ነው። ክሊፕ ድንጋይ በነካ ቁጥር እርሳስ ይጥላል፣ አንዳንዴም አይጥልም። ደካማ ክር ግን በስንት እንደሚበጠስ ቤትህ ሆነህ መዝነህ ታውቀዋለህ።

ሰቨርን ማዶ (ማክሰኞ ማታ)

እሺ ጋሼ፣ ዝናብ ከመጣና ወንዙ ቡናማ ከሆነ አብረን እንውጣና እንፈትነዋለን። የተሸነፈ ቡና ይጋብዛል።

የኬኔቷ (ረቡዕ ጠዋት)

ወንዶች ትልቅ ወንዝ ላይ ሆናችሁ ስለ ኦንስ ትጨቃጨቃላችሁ። እኔ ሬዲንግ ነኝ፣ ኬኔት ወንዝ ላይ ነው የማጠምደው። ጠባብ ነው። ሐምሌ ላይ ውኃው ጥርት ይልና ዓሣውን በዓይንህ ታየዋለህ፣ እሱም ያይሃል። እዚህ 3 ኦንስ መወርወር በር እንደማንኳኳት ነው። በ1.5 ኦንስ ነው የምሠራው፣ አንዳንዴ ጭራሽ አልወረውርም፣ ከአረሙ ጠርዝ በእጄ ዝቅ አድርጌ ነው የማስቀምጠው።

አንድ ያልተነሳ ነገር አለ። ዓሣውን የሚያስደነግጠው ብዙ ጊዜ ክሩ ነው። ከእርሳሱ በላይ ያለው ክር ከወለሉ ከፍ ብሎ ሲወጠር ባርበሉ በጎኑ ይነካዋል፣ ከዚያ አካባቢው ሁሉ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ከእርሳሱ በላይ ያለውን አንድ ሜትር ተኩል ክር ወለል ላይ አስተኛዋለሁ። እንደ ሊጥ የሚለሰልስ የተንግስተን ጭቃ አለ፣ ቆንጥሬ ክሩ ላይ ሁለት ሦስት ቦታ እለጥፈዋለሁ። እሱም በአንድ ጣት ተስቦ ይወልቃል፣ እርሳሱን አያግድም። መንጠቆ ያለበትን ክር ደግሞ ረጅም አደርገዋለሁ፣ አንድ ሜትር ግድም።

አሁን የአጎትህ እርሳስ። ወንድሜ፣ ቤት አስቀምጠው። እንግሊዝ አገር ከ0.06 ግራም በላይ እስከ 28.35 ግራም ያለ የእርሳስ ክብደት ለዓሣ ማጥመጃ ከ1987 ጀምሮ ክልክል ነው። 28.35 ግራም ማለት አንድ ኦንስ ነው። ምክንያቱ ዳክዬ መሰሏ ትልቅ ነጭ ወፍ ናት፣ ስዋን። ምግቧን ለመፍጨት ጠጠር ትውጣለች፣ ከጠጠሩ ጋር ትንንሹን እርሳስ ትለቅምና ትመረዛለች። ከአንድ ኦንስ በላይ የሆነው ለመዋጥ ስለሚተልቅ ተፈቅዷል። ስለዚህ ያንተ 20 ግራም ልክ የተከለከለው መሃል ላይ ነው። በዚያ ክብደት ከፈለግህ ከሌላ ብረት የተሠራ ግዛ።

ጀማሪው ኖቲንግሃም (ረቡዕ ምሳ ሰዓት)

እህቴ ከቅጣት አዳንሽኝ። ለአጎቴ ምን ብዬ እንደምነግረው አላውቅም፣ አሁንም ሌላ እያቀለጠልኝ ነው።

ዘንገኛው ሊድስ (ረቡዕ ምሳ ሰዓት)

ከ30 ግራም በላይ አድርገህ አቅልጥልኝ በለው። ታዲያ ጭሱን እንዳይተነፍሰው፣ ደጅ ይሁን።

የጣና ልጅ (ረቡዕ ማታ)

ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። ይህን ውይይት ሳነብ ሳቅም ቅናትም መጣብኝ። እኛ ልጅ ሆነን እርሳስ የት እናገኝና! ድንጋይ ነበር። ሞላላ የወንዝ ጠጠር ትመርጣለህ፣ ወገቡ ላይ በሲባጎ ታስረዋለህ፣ ክሩን በእጅህ ይዘህ ትወረውራለህ። ድንጋዩ ሲነክስ ሲባጎው ይበጠሳል፣ መንጠቆው ይመለሳል። አሁን ጋሼ ስለ ደካማ ክር ሲናገሩ "ይቺን እኮ እናውቃታለን" አልኩ።

ባርበል የምትሉት የእኛው ዘመድ ነው። እዚህ ነጭ ዓሣ እንለዋለን፣ ዝዋይ ላይ ብልጫ ሲሉት ሰምቻለሁ። ጣና ውስጥ ብቻ 15 ያህል ዝርያ አለው፣ እንዲህ አንድ ሐይቅ ውስጥ ተለያይቶ የበዛ የዚህ ዓሣ ቤተሰብ ሌላ ቦታ ብዙም የለም። ብዙዎቹ ክረምት ላይ ወደ ጉማራና ርብ ወጥተው ነው እንቁላል የሚጥሉት። ያኔ ነው ሰው ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ የሚጠብቃቸው። አንዳንዱ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ይበትንበታል፣ ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል፣ ትልቁም ትንሹም አብሮ ያልቃል። ቁጥሩ የቀነሰው በዚህ ነው።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ይሄን ሁሉ ደክማችሁ ትበሉታላችሁ ወይስ ለፎቶ ብቻ ነው?

የኬኔቷ (ረቡዕ ማታ)

አንበላውም። ሕጉ ራሱ እዚህ ወንዝ ላይ ከ20 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ባርበል መውሰድ አይፈቅድም፣ መመለስ ግዴታ ነው። እንቁላሉ ደግሞ መርዛማ ነው፣ በላተኛውን በትውከትና በተቅማጥ ነው የሚያጣድፈው። እናቴ ፎቶ ስልክላት "ይዘሽ መልቀቅ ምን የሚሉት ዓሣ ማጥመድ ነው?" ትለኛለች። መልስ የለኝም።

ቱምቢ (ረቡዕ ማታ)

የጣና ልጅ፣ ድንጋይህን አትናቀው። እዚህም ከእርሳስ ይልቅ ድንጋይ የሚያስሩ ሰዎች አሉ። በተለይ ድንጋያማ ቦታ ላይ በቀን አሥር እርሳስ ወንዝ ውስጥ ከመጣል አሥር ጠጠር መመለስ ይሻላል። ጠፍጣፋ ጠጠር የጎማ ማሰሪያ ታጠልቅለትና በደካማ ክር ታንጠለጥለዋለህ። እኔም ሞክሬዋለሁ። አወራወሩ ቀጥ አይልም እንጂ ዳር ዳሩን ለማጥመድ ይበቃል።

ቅርጹን ረስቼው ነበር፣ ጀማሪው። ጠፍጣፋ ዕንቁ ቅርጽ ያለውን ግዛ፣ ወለል ላይ ይተኛል። ክቡ ይንከባለላል። መንከባለሉን ፈልገህ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ጠጠራማ ወለል ላይ ዓሣው የት እንዳለ እያሰሰ ይወርድልሃል። ጉጥ ያለው ጎርፍ ሲመጣ ነው የሚያስፈልግህ። ቅርጫቱ፣ ማለትም ፊደሩ፣ ፔሌት (የተጨመቀ የዓሣ መኖ) እና የሄምፕ ዘር ይዞልህ ይወርዳል፣ ግን ውኃው በሰፊው ስለሚገፋው ከእርሳሱ ይልቅ ከበድ ያለ ይፈልጋል። በ3 ኦንስ እርሳስ የተቀመጥክበት ቦታ ፊደር 4 ይልሃል።

አሁን መኸር ስለሆነ ቅጠል ይመጣል። ቅጠል ክርህ ላይ ሲከመር 6 ኦንስም አይቆምልህም። ያኔ ክብደት አትጨምር፣ ቅረብ። ዘንጉን ከፍ አድርገህ ክሩ ውኃ የሚነካበትን ርዝመት አሳጥር። ባርበል ከምታስበው በላይ ወደ ዳር ይመጣል። ሰው ሁሉ ወንዙን አቋርጦ ይወረውራል፣ ዓሣው ከእግሩ ሥር ነው።

ሌላ ብልሃት አለ፣ ክር መልቀቅ። እርሳሱ ታች ሲነካ ሁለት ሦስት ሜትር ክር ልቀቅለት። ክሩ ውኃው ውስጥ እንደ ቀስት ይጎብጣል። ሙሉ በሙሉ ወጥረህ ከያዝከው ክሩ እርሳሱን ወደ አንተና ወደ ላይ እየነቀለ ነው። ስትለቅለት ግን ስበቱ ወለል ወለሉን ይሆናል፣ እርሳሱም ባለበት ይረጋል። ዓሣ ሲይዝ ጫፉ መጀመሪያ ቀና ይልና ይላላል። ያኔ አትጠብቅ፣ ሳበው።

ጀማሪው ኖቲንግሃም (እሑድ ማታ)

ተመልሻለሁ! ረጅም ነው፣ ይቅርታ።

ትናንት ጎሕ ሳይቀድ ወጣሁ። 3 ኦንስ ጠፍጣፋ፣ ተንሸራታች ቀለበት፣ 5 ፓውንድ ደካማ ክር፣ የመንጠቆው ክር 80 ሴንቲ ሜትር፣ መንጠቆ ቁጥር 10፣ ላዩ ላይ የቆርቆሮ ሥጋ። የመጀመሪያው ውርወራ ድንጋይ ነከሰ። ስቤ ስቤ ጧ አለ። አወጣሁት፣ መንጠቆውም ስዊቭሉም አለ! ብቻዬን ሳቅሁ። ሁለተኛ እርሳስም እንዲሁ ሄደ። ከዚያ ጋሽ ቱምቢ ያሉትን አስታወስኩና ወደ ዳር ቀረብኩ፣ ከዳርቻው ሁለት የዘንግ ርዝመት ያህል። ክር ለቀቅሁለት፣ እርሳሱ ተቀመጠ። አልተነቃነቀም።

እስከ አራት ሰዓት ምንም የለም። ሻይ እየቀዳሁ ሳለ ጫፉ ቀና አለ። ከዚያ ዘንጉ ሄደ፣ ኩባያውን ጣልኩት። የጎተተኝ ጉልበት የካርፕ አይደለም፣ ወለሉ ላይ ተጣብቆ ነው የሚሄደው። መሃል ላይ አንዴ ቀጥ አለ። ድንጋይ ሥር ገባ ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር፣ ከዚያ የሆነ ነገር ለቀቀና ተንቀሳቀሰ። ሲወጣ እርሳስ የለበትም። ደካማዋ ክር ናት!

7 ፓውንድ ከ4 ኦንስ። ወርቃማ ነው፣ ከአፉ አራት ፂም ተንጠልጥሏል። የጀርባው ክንፍ መጀመሪያ ላይ እንደ መጋዝ የተሠራ እሾህ አለው፣ መረቡ ውስጥ ተጠላለፈብኝና የመረቡን ክር በመቀስ ቆርጬ ነው ያላቀቅሁት። ከውኃው ብዙ አላቆየሁትም። ጭንቅላቱን ወደ ላይኛው ውኃ አድርጌ በሁለት እጄ ደግፌ ያዝኩት። መጀመሪያ ይጋደማል። ስምንት ደቂቃ ያህል እንደዚያ ሆንን፣ እግሬ ደነዘዘ። ከዚያ አንዴ ጭራውን መታና ከእጄ ወጣ።

የዚያኛው ቅዳሜውን ዓሣ አሁንም አስበዋለሁ።

ዘንገኛው ሊድስ (እሑድ ማታ)

ፏ ብለሃል! ፎቶውስ?

ጀማሪው ኖቲንግሃም (እሑድ ማታ)

ስልኬ ኩባያው ከፈሰሰበት ቦርሳ ውስጥ ነበር። ሩዝ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ሰቨርን ማዶ (እሑድ ማታ)

እንኳን ደስ አለህ። ለመዝገቡ ያህል፣ ክሊፕም ቢሆን ይለቅ ነበር።

ቱምቢ (እሑድ ማታ)

ጎበዝ ልጄ። ለአንድ ዓሣ ሦስት እርሳስ ከፍለሃል፣ ለትሬንት ርካሽ ነው። ደካማዋን ክር ስንት አስረዘምካት?

ጀማሪው ኖቲንግሃም (እሑድ ማታ)

ጋሼ፣ አንድ ጣት የምታህል ናት።

ቱምቢ (እሑድ ማታ)

አጥራለች። 10 ሴንቲ ሜትር አድርጋት። እርሳሱ ድንጋዩ መሃል ሲገባ ቀለበቱና ዋናው ክር ከላይ ይቀራሉ። ከዚያ አታስረዝም፣ ከመንጠቆው ክር ጋር ትጠላለፋለች። ኩባያም ሁለት ያዝ።